ሞኝ መሆንና ማሞኘት ለየቅል ናቸው

በአዳማ ሰንበት ትምህርት ቤቶችና ማኅበራት ዘንድ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የከረመ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው የከተማችን ሰው፣ በዕድሜም በትምህርትም ከእኔ የሚልቁ ናቸው። የጽሑፋቸው ጭብጥ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሞኝነት በየትኛውም ሃይማኖት ዋጋ የለውም። መጻሕፍት የሚያመሰግኑት ጥበብን ብቻ ነው፤ ስለ ክርስቶስ ሞኝ ሆኑ እየተባሉ የሚወደሱት ሰዎች የአእምሮ ሕሙማን ነበሩ፤ ቅዱስ ያሬድም የከበረው ከድንቁርናው ተላቆ ነው፤ እስልምና የዐቅል ሃይማኖት በመሆኑ ለሞኝ ቦታ የለውም፤ ሞኝነትን ማወደስ ለሐሰተኛ ነቢያት መንጋ ማደለብ ነው፤ አዳማን በመሰለ የንግድ ከተማ የሚያድግ ወጣት የሚያስፈልገው ደግሞ ብልጠት ነው። ስለዚህ እነዚህን ታሪኮች ለልጆች መንገር ይቅር ይላሉ።

ቁጣቸው ከየት እንደ መነጨ ይገባኛል፤ የቁጣቸው እኩሌታ የእኔም ነው። ነገር ግን አታላዩንና ስለ አምላኩ ብሎ ራሱን ያዋረደውን ሰው በአንድ ገመድ አስረው ፍርድ ፊት አቁመዋል። ይህን የምጽፈው ሁለቱ እንዲለዩ ነው።

በመጻሕፍቱ እንጀምር። መጽሐፈ ምሳሌ ሞኝን ከዳር እስከ ዳር ይገሥጻል፤ እውነት ነው። ግን የሚገሥጸው ማንን ነው? ምክር የማይሰማውን፣ በራሱ መንገድ የሚታበየውን፣ ቁጣው ቶሎ የሚገነፍለውን፣ ባልንጀራውን የሚንቀውን ነው። ይህ ሰው ሞኝ ነኝ ብሎ አያውቅም፤ እንዲያውም ከሁሉ የበለጠ አዋቂ እንደሆነ ያምናል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ያለው ባለጸጋም እንዲሁ ነው። እርሻው ፍሬያማ ሲሆንለት ጎተራውን አፍርሶ የሚበልጥ ሊሠራ አሰበ፤ ለብዙ ዘመን የሚበቃውን አስልቶ አስቀመጠ። ሒሳቡ ላይ አንድም ስሕተት የለም፤ የእኛ ከተማ እህል ነጋዴዎች ዕቅዱን ቢያዩ ያደንቁለት ነበር። እግዚአብሔር ሞኝ ያለው ግን እርሱን ነው፤ በዚያችው ሌሊት ነፍሱ ትፈለጋለችና። መጽሐፍ የሚነቅፈው ሞኝ በሰው ዘንድ ብልህ የተባለው ሰው ከሆነ፣ ጸሐፊው የጠሩት የመጀመሪያ ምስክር የመሰከረው ለእኛ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች «እኛ ስለ ክርስቶስ ሞኞች ነን» ብሎ የጻፈውን ጸሐፊው «ምጸት ነው» ብለው በአንድ መስመር ዘግተውታል። በአንደኛው መልእክት ምዕራፍ 4 ቁጥር 10 ላይ ምጸት አለ፤ አልክድም። ምጸቱ የተሰነዘረው ግን ቆሮንቶሳውያንን ልባሞች ናችሁ ባለበት በኩል ነው። ስለ ራሱ ቀጥሎ የሚለውን እናንብብ፦ እስከዚህ ሰዓት ድረስ እንራባለን፣ እንጠማለን፣ እንራቆታለን፣ እንጎሰማለን፣ በገዛ እጃችን እየሠራን እንደክማለን፣ የዓለም ጥራጊ ሆነናል። የተራበ ሰው ረሃቡን በምጸት አይናገርም። ቀደም ብሎ በምዕራፍ 1 የመስቀሉ ቃል ለሚጠፉት ሞኝነት እንደሆነ፣ የእግዚአብሔርም ሞኝነት ከሰው ጥበብ እንደሚበልጥ ሲጽፍ ደግሞ የምጸት ሽታ እንኳ የለውም። በሮማውያን ዘመን መስቀል የባሪያና የወንበዴ መቅጫ ነበር። የተሰቀለውን ንጉሥ ነው ብሎ ለመስበክ የተነሳ ሰው ሞኝ መባልን አስቀድሞ ቆርጦ መቀበል ነበረበት። ሮማዊው አገረ ገዥ ፊስጦስ በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 26 ላይ ጳውሎስን አብደሃል ብሎ ጮኾበታል። ማርቆስም በምዕራፍ 3 የጌታን የገዛ ዘመዶቹ «አብዷል» ብለው ሊይዙት እንደ ወጡ ጽፎልናል።

ነቢያቱን ጸሐፊው ጭራሽ አላነሷቸውም። ኢሳይያስ ሦስት ዓመት ራቁቱንና ባዶ እግሩን ተመላለሰ። ሕዝቅኤል 390 ቀን በግራ ጎኑ፣ 40 ቀን በቀኝ ጎኑ እንዲተኛ ታዘዘ። ከነቢዩ ከኤልሳዕ የተላከው ወጣት ኢዩን ሊቀባ ሲመጣ የጦር አለቆቹ «ይህ እብድ» ነበር ያሉት። እነዚህን ሁሉ ወደ ጎን ትቶ ስለ መጻሕፍት ምስክርነት መናገር እንዴት ይቻላል?

ዳዊትን ግን በዋዛ አላልፈውም። ታቦቱ ወደ ከተማው ሲገባ ንጉሡ በሙሉ ኃይሉ ዘለለ። የሳኦል ልጅ ሜልኮል በመስኮት አይታ በልቧ ናቀችው፤ በአገልጋዮችህ ሴቶች ልጆች ፊት እንደ ወራዳ ሆንህ ብላ ወረፈችው። እርሱም ከዚህ የበለጠ እናቃለሁ ብሎ መለሰላት። ይህ መልስ በሀገራችን በብራና ላይ ብቻ አልቀረም። ጥር 11 ቀን ታቦቱ ከባሕረ ጥምቀቱ ሲመለስ በአዳማ ጎዳና ዳር የቆመ ሰው በዓይኑ ያየዋል። በዘወትር ቀን ድምፃቸው የማይሰማ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው መሪጌታ መቋሚያቸውን በግራ፣ ጸናጽላቸውን በቀኝ ይዘው ከልጅ ልጆቻቸው እኩያ ከሆኑ ዲያቆናት ጋር ይወርባሉ። ከበሮው ሲፈጥን እርሳቸውም ይፈጥናሉ። ጥምጥማቸው ይላላል፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው ይንሸራተታል፣ ላባቸው ከጥር አቧራ ጋር ተለውሶ በጉንጫቸው ይወርዳል። እግራቸው ግን ከዜማው ዝንፍ አይልም። ከአስፋልቱ ማዶ በሆቴል በረንዳ ተቀምጦ የሚያይ እንግዳ ሊስቅ ይችላል፤ እርሳቸው ማን እንደ ሳቀ የሚያዩበት ዓይን በዚያች ሰዓት የላቸውም። ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ የጠየቃቸው ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፦ ዳዊት በታቦቱ ፊት ዘልሏልና። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከሜልኮልና ከዳዊት የማንን ወገን እንደያዘች ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ሁለተኛው ክስ ከባድ ነው። የኤሜሳው ስምዖን፣ የሞስኮው ባስልዮስና መሰሎቻቸው የአእምሮ ሕሙማን ነበሩ፤ ቅዱሳን ያደረጋቸው ያልተማረ ሕዝብ ነው ይላሉ። በአንዱ ነገር ፈጽሞ እስማማለሁ፤ የታመመ ሰው መታከም አለበት። በጸበል ቦታ በሰንሰለት ታስሮ የሚውል ሕመምተኛ፣ በአውቶቡስ ተራ በጠራራ ፀሐይ ራቁቱን የሚንከራተት ወንድም የሚያስፈልገው ሐኪምና ቤተሰብ ነው እንጂ ቅዱስ ነው ብሎ ትንቢት የሚጠብቅበት ሰው አይደለም። ይህን የሚክድ ቢመጣ ከጸሐፊው ጎን ቆሜ እሟገተዋለሁ።

ስምዖን ግን ከእነዚህ ወገን አልነበረም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ሶርያዊ መነኩሴ ነው፤ ገድሉን በ7ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው በቆጵሮስ የናጳሊስ ጳጳስ የነበረው ሌዎንትዮስ ነው። ስምዖን በሙት ባሕር አጠገብ በበረሃ ብዙ ዘመን በተጋድሎ ከኖረ በኋላ ወደ ኤሜሳ፣ ዛሬ ሆምስ ወደምትባለው ከተማ፣ ሲገባ የሞተ ውሻ በመታጠቂያው አስሮ እየጎተተ ነበር። ልጆች «እብድ መነኩሴ» እያሉ ከኋላው ተከተሉት፤ መቱትም። ቀን በገበያ መካከል ሲያብድ ይውላል፣ ሌሊት በጸሎት ያድራል። በሰው ፊት ጾም የሚገድፍ ይመስላል፣ በስውር ግን እህል ሳይቀምስ ይሰነብታል። ሙሉ አእምሮ እንዳለው የሚያውቀው አንድ ዲያቆን ብቻ ነበር፤ ከእርሱ ጋር ሲገናኝ እንደ ማንኛውም አስተዋይ ሰው ያወራ ነበር። የከተማው ሕዝብ ማንነቱን ያወቀው ከሞተ በኋላ ነው። ሕመም ሰው ሲመጣ እየመጣ ሰው ሲሄድ እየሄደ እንዲህ ያለ ምሥጢር ሊጠብቅ አይችልም።

ጸሐፊው ያላነሷት አንዲት ግብፃዊት መነኩሲትም አለች፤ በኋላ ዘመን ኢሲዶራ ተብላ የታወቀች። በ4ኛው ክፍለ ዘመን በላይኛው ግብፅ 400 ያህል እናቶች በሚኖሩበት ገዳም እንደ እብድ ሆና በማድ ቤት ታገለግል ነበር። የግብፅ መነኮሳትን ታሪክ የመዘገበው ጳላድዮስ እንደ ጻፈው በራሷ ላይ ቡትቶ ትጠመጥማለች፣ ማዕድ ላይ አትቀመጥም፣ የምትበላው ከእቃ የተረፈውን ፍርፋሪ ነው። የሰደቧትና የመቷት ነበሩ፤ እጣቢ የደፉባትም ነበሩ፤ ለአንዳቸውም ክፉ ቃል አልመለሰችም። ጲጥሩም የተባለ ባሕታዊ በመልአክ ተመርቶ መጥቶ በፊቷ ሰገደ። እህቶቿ ሁሉ ደንግጠው እያንዳንዳቸው የበደሏትን እየተናዘዙ ይቅርታ ለመኗት። ከጥቂት ቀን በኋላ ክብሩን መሸከም አቃታትና ከገዳሙ ወጣች፤ የት እንደ ደረሰች ያወቀ የለም። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ስድቡን ዓመታት የቻለች ሴት ምስጋናውን ጥቂት ቀን መቻል አልሆነላትም። ሕዝብ ቅዱስ ያደርጋቸዋል የሚለው ክስ እርሷ ላይ አይሠራም፤ ክብሩ ሲመጣ እርሷ ሄዳለችና።

ከሩስያም አንድ ልጨምር። አስፈሪው እየተባለ የሚጠራው ንጉሥ ኢቫን እ.ኤ.አ. በ1570 የኖቭጎሮድን ሕዝብ ፈጅቶ ወደ ፕስኮቭ ሲዘምት ኒኮላ የሚባል እብድ መሳይ ሰው በዐቢይ ጾም ጥሬ ሥጋ አቀረበለት። ንጉሡ «በጾም ሥጋ አልበላም» ቢለው «የሰው ሥጋ ከመብላት የበለጠ ምን አለ?» ብሎ እንደ መለሰለት ይተረካል። ፕስኮቭ የኖቭጎሮድ ዕጣ አልደረሰባትም። በንጉሡ ዙሪያ የነበሩት ብልሆች ሁሉ በዚያን ጊዜ ዝም ብለው ነበር።

አብያተ ክርስቲያናትም ያበደውን ሁሉ በጅምላ አልተቀበሉም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ባትቀበለውም፣ እ.ኤ.አ. በ692 በቁስጥንጥንያ የተሰበሰበው ጉባኤ በ60ኛው ቀኖናው ጋኔን ያደረባቸው መስለው የሚያስመስሉ ሰዎች እንዲቀጡ ደንግጓል። ጸሐፊው የሚፈሩትን ነገር የጥንት አባቶች ከእርሳቸው በፊት ፈርተውታል ማለት ነው።

ስለ ቅዱስ ያሬድ የጻፉት ግማሽ እውነት ነው። በአክሱም አጎቱ ጌዴዎን ሲያስተምረው ትምህርት አልገባው ብሎ፣ ተገርፎ፣ ሸሽቶ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። አንዲት ትል ዛፉ ላይ ለመውጣት ስትሞክር ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ፍሬው ጋ ስትደርስ አየ፤ ተመልሶም አጎቱን ይቅርታ ጠየቀ። አእምሮው ተከፈተለት፤ በዚህ እንስማማለን። ግን ማን አስተማረው? የአክሱም ሊቅ በአለንጋ ያላስገባውን ትል አስገባችው። ከትል መማርን ያላፈረ ልጅ ነው ያሬድ የሆነው፤ በራሱ ብልህ የነበረ ልጅ ቢሆን ኖሮ ያችን ትል አያያትም ነበር። በኋላም በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የያዘው ጦር በያሬድ እግር ላይ ተተከለ፤ ሁለቱም አላወቁም። ንጉሡ ደንግጦ የፈለግኸውን ጠይቀኝ ቢለው ያሬድ የለመነው ቤተ መንግሥቱን ትቶ ለመመነን ፈቃድ ነው። ንጉሥ «ጠይቀኝ» ሲለው ወደ ሰሜን በረሃ ልሂድ የሚል ሰው በከተማችን ሚዛን ምን ይባላል? መልሱን ለጸሐፊው እተዋለሁ።

በአራተኛው ነጥብ ስለ እስልምና የጻፉት ከሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ጋር ሳይመክሩ ይመስላል። እስልምና ለዐቅል ትልቅ ክብር ይሰጣል፤ ሕጉም የሚጸናው አእምሮው በተስተካከለ ሰው ላይ ነው። ከሦስት ሰዎች ብዕር ተነስቷል የሚለው ሐዲስ ከተኛውና ከሕፃኑ ጋር አእምሮውን የሳተውን ይጠቅሳል። ይህ ራሱ ለደካማው የተደረገ ርኅራኄ ነው። ከዚያም አልፎ ነቢዩ ሙሐመድ በወገኖቻቸው መጅኑን ተብለዋል፤ ሱረቱል ቀለም ገና በሁለተኛው አንቀጹ ዕብድ አይደለህም ብሎ የሚያጽናናቸው ለዚህ ነው። ከሺህ ዓመት በፊት በኒሻፑር የኖረ አንድ ሊቅ ስለ ብልህ እብዶች ራሱን የቻለ መጽሐፍ አዘጋጅቷል። በዚያችው ከተማ በ9ኛው ክፍለ ዘመን የተነሱት መላመቲያ የሚባሉ ሱፊዎች በጎ ሥራቸውን እየሸሸጉ ሰው እንዲወቅሳቸው ይፈቅዱ ነበር። የባግዳዱ ቡህሉል ታሪክ ደግሞ እስከ ዛሬ ይወራል። በኸሊፋው ሃሩን አል ረሺድ ዙፋን ላይ ወጥቶ ቢቀመጥ ጠባቂዎቹ ገረፉት። ኸሊፋው መጥቶ ለምን ታለቅሳለህ ቢለው፣ ለራሴ አይደለም፣ ለአንተ ነው፤ እኔ ለአፍታ ተቀምጬበት ይህን ያህል ከተገረፍኩ ዕድሜህን ሙሉ የተቀመጥህበት አንተ ምን ይጠብቅህ ይሆን አለው ይባላል።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። አዳማ የአርሲና የባሌ መንገድ በር ናት። ባላ በትራቸውን ይዘው በባሌ ወዳለው የድሬ ሼህ ሁሴን መቃብር የሚጓዙትን ገሪባ የሚባሉ ተሳላሚዎች ያየ ያውቃል። ስንቅ ሳይዙ፣ የሰጣቸውን እየመረቁ፣ የሼኹን ውዳሴ እያዜሙ ይሄዳሉ። ያለ ስንቅ ረጅም መንገድ መውጣት በየትኛው ብልጠት ይደገፋል? የአርሲ ገበሬ ግን ቤቱን ከፍቶ ያበላቸዋል።

«በየትኛውም ሃይማኖት» የሚለው አነጋገር ሰፊ ስለሆነ ከሩቅ ምሥራቅም አንዱን ብቻ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. ከ1758 እስከ 1831 የኖረው ጃፓናዊ የዜን መነኩሴ ርዮካን ለራሱ ያወጣው ስም ታላቁ ሞኝ የሚል ነው፤ የሚታወቀውም ከመንደር ልጆች ጋር ኳስ በመጫወቱና በግጥሞቹ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። ጸሐፊው ሞኝነትን ማወደስ ለአታላዮች መንጋ ማደለብ ነው ሲሉ የጻፉት ከልባቸው ነው፤ እኔም ስመልስ ከልቤ ነው። በሰፈራችን አንዲት እናት ነበሩ፤ ልጃቸው ሥራ አጥቶ፣ ወገባቸውን አሟቸው የሚኖሩ። በኪራይ አዳራሽ የሚሰበስብ አንድ ነቢይ ነኝ ባይ የቤትሽን እርግማን እሰብራለሁ አላቸው። ለሠርጋቸው የተሰጣቸውን የወርቅ ሐብል ከሣጥን አውጥተው፣ በመሐረብ ጠቅልለው፣ በሁለት እጃቸው ሰጡት። ሐብሉ አልተመለሰም፤ ልጁም ሥራ አላገኘም። እኔም እንደ ጸሐፊው እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ግን በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሞኝነትን የሰበከ ማን ነበር? ማንም። ስለ ስምዖን ወይም ስለ ኢሲዶራ አንድ ቃል አልተነገረም። የተነገራቸው «ይህን ከዘራሽ እጥፍ ታጭጃለሽ» የሚል ነው። ይህ የንግድ ቋንቋ ነው። ጥቂት ሰጥቶ ብዙ ማግኘት፣ ከእግዚአብሔር ጋር መደራደር፣ ሌላው ያላወቀውን አቋራጭ ማወቅ፤ አታላዩ የሚያባብለው የሰውን ብልጠት ነው። እርሱ ራሱም ከሁሉ የበለጠ ብልጥ ነው፤ ልብሱን፣ መኪናውን፣ ጠባቂዎቹን አይቶ ይህ ሰው ስለ ክርስቶስ ሞኝ ሆነ የሚል አይገኝም። እናታችን የተጎዱት ሞኝ መሆን ቅድስና ነው ብለው ስላመኑ አይደለም። ጨንቋቸው ነው፤ ትርፍም ተነግሯቸው ነው።

እንግዲህ መለያው እዚህ ነው፦ ማን ይከፍላል? ስምዖን የተደበደበው በገዛ ጀርባው ላይ ነው። ኢሲዶራ የበላችው ፍርፋሪ የራሷ ምሳ ነበር። የአሲሲው ፍራንሲስ በጳጳሱ ፊት ያወለቀው የራሱን ልብስ ነው፤ ለአባቱ መልሶ ራቁቱን ቆመ እንጂ የማንንም ቀሚስ አላስወለቀም። እነዚህ ሰዎች ሞኝ ያደረጉት ራሳቸውን ነው፤ ዋጋውንም ራሳቸው ከፍለዋል። ነቢይ ነኝ ባዩ ሞኝ የሚያደርገው ሌላውን ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለውም ሌላው ነው። ትርፉ ወደ ማን ኪስ እንደሚገባ ያየ ሰው ሁለቱን አያምታታም።

መድኃኒት አቋርጠው ስለሞቱት ሕሙማን ጸሐፊው ያነሱትም ትክክለኛ ሐዘን ነው። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ጉዳይ ዝም አላለችም። አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ በነበሩበት ዘመን የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉን ከመድኃኒቱ ጋር አብረው እንዲወስዱ በግልጽ መክረዋል። በሌላው ነፍስ ላይ ሞኝ መሆን ማንም ቅዱስ ያላደረገው ነገር ነው።

ለዚህ መለያ የከተማችን የቅርብ ታሪክም ይመሰክራል፤ ከእኔ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ያለ ታሪክ ቢሆንም መናገሩ ተገቢ ነው። ሜኖናውያን ሚሲዮናውያን ያኔ ናዝሬት ትባል በነበረችው ከተማችን ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር፤ ከእነርሱም አገልግሎት መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አደገች። በ1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ዘጋት፤ ንብረቷ ተወረሰ፣ መሪዎቿም ታሰሩ። በዚያ ዘመን የብልጥ ሰው ምክር ግልጽ ነበር፦ ግራ እጅህን አንሣ፣ መፈክሩን አብረህ በል፣ በልብህ ያለውን በልብህ ያዝ። ምን ይጎዳል? በርካታ ወጣቶች ግን እምቢ ብለው ከትምህርታቸውና ከእንጀራቸው ተፈናቀሉ። ዘመድ ሁሉ እብዶች አላቸው። ቤት ለቤት እየተሰበሰቡ አሥር ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቤተ ክርስቲያኗ ስትከፈት አባላቷ በብዙ እጥፍ ጨምረው ተገኙ። ቁጥሩ ባይጨምርም ኖሮ እነዚያ ልጆች ያደረጉት ነገር ያው ነበር። ከማንም ሐብል አልወሰዱም፤ የከፈሉት ከራሳቸው ነው።

ስለ ንግድ የጻፉት ቀርቷል። «ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል» የሚለውን ተረት ጠቅሰው፣ የዋህ ልጅ አዳማ ውስጥ ተበልቶ ያልቃል ይላሉ። እውነት ነው፤ ይቆረጥበታል። ተረቱ ግን ሞፈር ቆራጩን መቼ አመሰገነ? በእህል ተራ አንድ ጤፍ ሻጭ አውቃለሁ። ማኛ ጤፍ ፈልጌ የመጣሁ ዕለት ከላይ ያለውን አይቼ ሒሳብ ልከፍል ስል «ቆይ» አለኝ። የጆንያውን አፍ ፈታ፤ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እስከ ትከሻው አስገባና ከሥር አንድ ጭብጥ አወጣ። ከላይ የወሰደውን በግራ መዳፉ፣ የሥሩን በቀኝ መዳፉ ላይ ዘርግቶ ወደ ብርሃኑ አቀረበው። የሥሩ ደብዘዝ ያለ ነበር። «ከነጭ ጋር ተደባልቆ ነው የመጣልኝ፤ በማኛ ዋጋ አልሸጥልህም» አለኝ። ጎረቤቱ ያለ ነጋዴ ሰምቶ «ይህ ሰው መቼም አይሻሻል» ብሎ ሳቀበት፤ እርሱ መልስ ሳይሰጥ ጆንያውን አሰረ። በዚያን ቀን ከኪሱ የጎደለው የራሱ ገንዘብ ነው። ጸሐፊው ለወጣቶቻችን የሚመኙት ከሁለቱ ነጋዴዎች የትኛው እንዲሆኑ እንደሆነ በግልጽ ቢጽፉልን ደስ ይለኛል። እንዳይታለሉ ማስተማር ሌላ ነው፤ ይህን እኔም እፈልጋለሁ። ጌታም ደቀ መዛሙርቱን እንደ እባብ ልባሞች፣ እንደ ርግብ የዋሆች እንዲሆኑ ሲያዝ አንዱን ለሌላው አልለወጠውም።

በመጨረሻ ከልጆች ትምህርት እንዲወጡ የጠየቁት ታሪኮች አሉ፤ ከእነዚህም የጥንቱን ግብፃዊ መነኩሴ የዮሐንስ ሐጺርን (የአጭሩ ዮሐንስን) ታሪክ ለይተው ጠቅሰዋል። መምህሩ ደረቅ እንጨት ተክሎ በየቀኑ ውኃ አጠጣው አለው፤ ውኃው ሩቅ ነበር፤ ዮሐንስ ሦስት ዓመት ተመላልሶ አጠጣ፤ እንጨቱ ለመለመና አፈራ፤ መምህሩም ፍሬውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወስዶ ለመነኮሳቱ «የመታዘዝን ፍሬ ብሉ» አለ። ጸሐፊው ይህ ልጆችን ለማንኛውም ትእዛዝ አንገታቸውን እንዲደፉ ያለማምዳል ብለው ይፈራሉ። ፍርሃቱ ተገቢ ነው። ታሪኩ በሙሉ ሲነገር ግን ልጁን የሚጠብቀው ራሱ ታሪኩ ነው። ከዚያ እንጨት መምህሩ ምን አተረፈ? ምንም። ፍሬውን እንኳ ለማኅበሩ ሰጠ። ከዮሐንስ ገንዘብ አልተቀበለም፣ ምሥጢር ያዝልኝ አላለውም፣ ከወንድሞቹ አልነጠለውም። እኔ ክፍሌ ውስጥ ይህን ታሪክ ስነግር ልጆቹን «እንዲህ አድርግ ያለህ ሰው ለራሱ ምን ያገኛል?» ብላችሁ ጠይቁ እላቸዋለሁ። ገንዘብ የሚያገኝ ከሆነ፣ ለእናትህ አትንገር ካለህ፣ ሰው በሌለበት ና ካለህ ሩጥ። ታሪኩን ብናወጣው ይህን ጥያቄ የምናስተምርበትን መንገድ አብረን እናወጣለን።

ስንክሳሩ ዮሐንስ ሐጺርን የሚያነሳው ጥቅምት 20 ነው። ጸሐፊው ፈቃዳቸው ቢሆን በዚያ ሳምንት እሑድ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤታችን ይምጡልን። እርሳቸው በከተማችን ስላሉት አታላዮች ይንገሩ፣ እኔም ስለ ደረቁ እንጨት እናገራለሁ፤ ልጆቹ ሁለታችንንም ይጠይቁን።